ያልተከፈተው የመጋዝ ክዳን

ያን ቀን «የመጋዙን ክዳን ይክፈቱልኝ» ያላልኳቸው ለጾማቸው አዝኜ ነው ወይስ «አውቃለሁ» ብዬ? ስንት ዓመት ራሴን ጠይቄ መልሱን አላገኘሁትም።

ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ቤት ሊሠራበት ከተመነጠረ የፍራፍሬ እርሻ አንድ ትልቅ የዋልነት ዛፍ ግንድ ለቤተ ክርስቲያናችን ተሰጠ። ባለቤቱ ሁለት ሳምንት ብቻ ፈቀደልን፤ ከዚያ በኋላ ለማገዶ ይቆራርጠዋል። ኦክላንድ በኪራይ አዳራሽ ስናስቀድስ ወንጌሉ የሚነበበው በሚታጠፍ የሙዚቃ ኖታ ማስቀመጫ ላይ ነበር፤ ገጽ በተገለጠ ቁጥር ይወዛወዛል። ከግንዱ ጣውላ አውጥተው አትሮንስ ሊሠሩልን ቃል የገቡት፣ አዲስ አበባ በአናጢነት የኖሩ፣ እዚህ ኦክላንድ አፕታውን በሚባለው ሰፈር የመኪና ፓርኪንግ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ እላቸዋለሁ።

የሞተር መጋዝ ተዋሱ። ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት፣ ባሩን፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያው፣ ከፍሊ ማርኬት፣ ገዙ። ሰንሰለቱን ማዘዝ የእኔ ድርሻ ሆነ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በሠላሳ ስድስት ዓመቴ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የሰው ሁሉ ፎርምና ደብዳቤ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ካታሎጉን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ተራው ሰንሰለት ግንድ አቋርጦ ለመቁረጥ ነው፤ በቁመቱ ለመሰንጠቅ ግን ስለቱ በሌላ አንግል የተሞረደ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ሦስት ነገሮች መስማማት አለባቸው፦ ሰንሰለቱ፣ የባሩ ጫፍ፣ እና ክዳኑ ሥር ተደብቆ ሰንሰለቱን የሚያሽከረክረው ባለጥርስ ብረት፣ ስፕሮኬቱ። ከሥሩ አስምሬበት ነበር።

ልለካ እሳቸው ዘንድ ስሄድ ሁዳዴ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ አባባ እህል አልቀመሱም፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ክዳኑን ለመክፈት መፍቻ መፈለግ፣ መንበርከክ አለ። የባሩ ጫፍ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ብቻ ጻፍኩና ደብተሬን ዘጋሁ።

«በቃ?» አሉኝ።

«በቃ አባባ፣ አይነሡ።»

ሰንሰለቱ በፖስታ ሲደርስ ሦስት ቀን ቀርቶናል። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሁሉ ሊያይ መጣ። አባባ ሞተሩን አስነሡ። ሰንሰለቱ ስፕሮኬቱ ላይ እየዘለለ ተንገጫገጨ፣ ጥርሱን በላው፣ ቆመ። የባሩና የስፕሮኬቱ ልኮች ልዩነት የጥፍር ውፍረት አይሞላም።

«አባባ፣ በእጅ የሚጎተተው ይሻልዎት ነበር!» አለ አንዱ።

«አናጢ ነኝ አላሉንም እንዴ?» ጨመረ ሌላው።

ተሳሳቁ። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔ ቁጥሩ ያለበትን ደብተር ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜአለሁ። ሳላሳያቸው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሌላ ለማዘዝ ቀኑ አልበቃንም፤ ግንዱ ማገዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አባባን ለቤተ ክርስቲያኑ ሚስማር እንኳ ይምቱልን ያላቸው የለም። እሁድ በመጣ ቁጥር፣ ያ የኖታ ማስቀመጫ ሲወዛወዝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አባባን በመኪናዬ ወደ ፍሪሞንት ራይድ ስሰጣቸው ፍሪዌዩ ተዘጋግቶ ቆምን። ዓይኔን ከፊቴ ካለው መኪና ሳልነቅል ሁሉንም ነገርኳቸው።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ለምን አላስከፈትሽኝም?»

«ጾም ላይ ነበሩ።»

«ጾሙ የእኔ ነው! ማን አደራ ሰጠሽ? በሁለት ዳዶ የተያዘ ክዳን፣ ልጄ። ሁለት ዳዶ!» መስኮቱን ዝቅ አደረጉት። «ደግሞ ይህ ለእኔ አይደለም የሚነገረው። ለሳቁት ነው።»

«እሁድ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ባለሁበት» አሉ።