ሐሙስ ያመጣሁት ቦርሳ

ያረጀ የእጅ ቦርሳ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ የፊት ፓውደር አለበት፣ የደረቀ ማስቲካ አለበት፣ ሻጋታ አለበት። ከሁሉም ስር ደግሞ ከቦርሳው ባለቤት ጋር አልሄድም ብሎ የቀረ አንድ ነገር አለ። ባለፈው ቅዳሜ በምኖርባት ዩለስ ከተማ ውስጥ፣ ከቤቴ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ የአንዲት አሮጊት ልጆች የሟች እናታቸውን ዕቃ ጋራዥ ውስጥ ዘርግተው ሲሸጡ ደረስኩ። የመጣሁት የጠረጴዛ መብራት ልፈልግ ነበር። አንድ ቡናማ ቦርሳ አየሁና ከፍቼ አፍንጫዬን ከተትኩበት። ከኋላዬ በግልጽ፣ “ቀስ በይ፤ መጀመሪያ ነፍስ ይማር በያት” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። አንድ ቁምጣ የለበሰ ሰውዬ ግራ ገብቶት ያየኛል እንጂ ማንም አልነበረም። ድምፁ የእትዬ ዘነቡ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል።

ያደግኩት ቪከሪ ሜዶ ነው፤ በአንዱ ቤት በርበሬ ሲታመስ የሦስት አገር ሰው የሚያስነጥስበት ሰፈር። እማዬ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ አባዬ ታክሲ ይነዳል፤ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሲያወርደኝ ቤታችን ሰው ስለማይኖር ደረጃውን ወጥቼ ከእኛ በላይ ወዳሉት እትዬ ዘነቡ እሄዳለሁ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጠዋት ኤርፖርት ሽንት ቤት ያጸዳሉ፤ ከሰዓት ቤታቸው ተቀምጠው አሮጌ ቦርሳ ያጸዳሉ። “ዕድሜዬን ሰው ያቆሸሸውን ሳጸዳ ጨረስኩት፤ ቦርሳ ግን ቢያንስ ሲጸዳ ያስታውቅበታል” ይሉ ነበር።

አዲስ አበባ እያሉ ቆዳ ፋብሪካ ሠርተዋል። ቆዳ ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው ካዩ የተሰደቡ ያህል ነው የሚቆጡት። የወይን ዘለላ የታተመበት የፕላስቲክ ጠረጴዛ ልብሳቸው ላይ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ያነጥፋሉ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉና ገበሩን እንደ ጨጓራ ገልብጠው ያወጡታል። ከዚያ በአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ ይጠርጉታል፤ ሳሙናውን ሳይሆን አረፋውን ብቻ እያነሱ፣ ትንሽ ትንሽ፣ አንድ ቦታ ሳይቆሙ። ዘለበቱን በጥርስ ብሩሽ፣ ሽታውን በካልሲ በታሰረ ቤኪንግ ሶዳ። በወረቀት ሞልተው ከፀሐይ ርቆ ይደርቃል፤ መጨረሻ ላይ ቅባቱን መዳፋቸው ላይ አሙቀው ያሹታል። እጀታው ላይ የጠቆረውን ግን አይነኩትም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። “ይሄ እድፍ አይደለም፤ እጇ ነው” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የቦርሳ እጀታ ለመንካት እፈራ ነበር።

እኔ የምወደው ግን ከማጽዳቱ በፊት ያለውን ነው። ቦርሳዎቹ አብዛኞቹ ከሞቱ ሴቶች ቤት የሚመጡ ስለሆኑ መጀመሪያ “ነፍስ ይማር” ይላሉ። ቀጥሎ ከፍተው ያሸቱና የቦርሳው ባለቤት ምን ዓይነት ሴት እንደነበረች ይነግሩኛል። ይህቺ ግራኝ ናት፣ ማንገቻው በየት በኩል እንደተበላ እዪው። ይህቺ ሲጋራ በድብቅ ታጨሳለች፤ የሚሸተው የጎን ኪሷ ብቻ ነው። ይህቺ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከረሜላ የምትበላ ናት። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያጣራል? እኔ ግን እንደ ወንጌል ነበር የምሰማው። ሲያልቅ አጨበጭባለሁ፤ እሳቸውም “ሂጂ ወዲያ፣ የቤት ሥራሽን ሥሪ” ይሉኛል።

በሕይወት ያለቻቸው አንዲት ታናሽ እህት ነበረች፤ ትርሲት። እናታቸው ስትሞት ገና ጡት ያልጣለች ልጅ ነበረች ይባላል፤ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። እሑድ እሑድ የስልክ ካርድ በሳንቲም ፍቀው አዲስ አበባ ይደውሉላታል፤ ካርዱ እስኪያልቅ ይጨቃጨቃሉ፣ ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሏቸው ይውላሉ። እኔ ትርሲትን የማውቃት በጣሪያችን በኩል በሚሰማ ሳቅ ብቻ ነው። እሱም የእትዬ ዘነቡ ሳቅ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አንድ ማክሰኞ ከአዲስ አበባ የተመለሰች ሴት ቤታችን መጣች። ከእማዬ ጋር መኝታ ቤት ዘግተው ሲንሾካሾኩ ቆዩ፤ ሲወጡ የሁለቱም ዓይን ቀልቶ ነበር። እኔ ምን አገባኝ፣ ቴሌቪዥን ላይ ነበርኩ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጃኬቴን ልወስድ ቤት ገባሁና የእማዬን ቁምሳጥን ከፈትኩ። ከብርድ ልብሱ ስር ፌስታል አለ፤ ፌስታሉ ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ የእጅ ቦርሳ። ጥግ ጥጉ ሻግቷል። እትዬ ዘነቡ ጠረጴዛ ላይ ከማያቸው በምንም አይለይም። ጃኬቱን እዚያው ትቼ ቦርሳውን ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት።

“እትዬ! ጌስ ያድርጉ፣ ይገምቱ፤ ይሄ የማን ነው?”

አንድ ቀይ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው መርፌ ውስጥ ክር እያስገቡ ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው ተቀበሉኝ። እንደ ወትሯቸው አላሸተቱትም። አውራ ጣታቸው ማንገቻው ከቦርሳው የሚገናኝበት ቦታ ሄዶ ስፌቱን ዳበሰ፤ ተመልሶ ሄዶ እንደገና ዳበሰ። ያ ስፌት የራሳቸው እጅ መሆኑን፣ ቦርሳውን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አድሰው ለትርሲት የላኩላት እሳቸው መሆናቸውን ያወቅኩት ኋላ ነው።

“ከየት አገኘሽው?”

“ከእማዬ ክሎዜት። ብላንኬት ስር ሃይድ አድርጋው ነበር።”

“ደብቃው ነበር” አሉ፤ ለእኔ አልነበረም የሚያወሩት። ከዚያ ከፈቱና ፊታቸውን ቀብረው አሸተቱ። ሌላ ጊዜ አንዴ ስበው ቀና ይላሉ። ያን ቀን ቀና አላሉም። የመስኮቱ ኤሲ ይንጫጫል፤ እኔ አንድ እግሬ ላይ ቆሜ እወዛወዛለሁ።

“ሶ፣ ማናት?”

“ቀጭን ናት” አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የሁልጊዜው ነበር። “ሳቂታ ናት። መድኃኒት ትወስድ ነበር። ብዙ መድኃኒት። ለማንም አልተናገረችም።”

“ልጆች አሏት?”

“የሏትም። አንድ እህት ናት ያለቻት። ያሳደገቻትም እሷ ናት።”

“ሞታለች?”

“አዎ።”

“ከሞተች ቆየች?”

“አይ ሚሚዬ፤ ቅርብ ነው።”

አጨበጨብኩ። ከሰማኋቸው ሁሉ ይሄኛው በልጦብኝ ነበርና ከወትሮው አብዝቼ አጨበጨብኩ። ዛሬ ይህን ስጽፍ መዳፎቼ ያሳፍሩኛል። አልበቃኝ ብሎም፣ “ግን እኮ ነፍስ ይማር አላሉም” ብዬ አስታወስኳቸው። “ልክ ነሽ” አሉ። ተነስተው መታጠቢያ ቤት ገቡ። የቧንቧው ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። ሲወጡ ፊታቸው ታጥቧል። ማካሮኒ አሙቀው አቀረቡልኝ፣ እስክጨርስ ቆመው አዩኝ፤ ከዚያ ቦርሳውን በፌስታሉ መልሰው ሰጡኝ።

“እንዳገኘሽው መልሺው። የሰው አደራ ነው። እኔ ጋ እንዳመጣሽውም ለእማዬ አትንገሪያት። ቃል ግቢልኝ።”

ገባሁላቸው። እማዬ እንዳትቆጣኝ ብለው መስሎኝ እንደ ውለታ ቆጠርኩላቸው።

የመርዶ ነገር እንዲህ ነው። ሞት በስልክ አይነገርም፤ ቄስ፣ ሽማግሌና ወዳጅ ተሰብስቦ ማለዳ በር ያንኳኳል። እዚህ አገር ደግሞ የሁሉም ሺፍት እስኪገጥም ሟች ወረፋ ትጠብቃለች። ለትርሲት የተገኘው ቀን እሑድ ነበር። እስከዚያ እትዬ ዘነቡ ምንም እንዳይሰሙ እማዬ ዘብ ቆማለች። አርብ ዕለት ምስር ወጥ ይዛ እኔን አስከትላ ወጣች። ድምጿ ከወትሮው ከፍ ብሎ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርሱን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ስለሚደብቅ ሽማግሌ አወራች። እትዬ ዘነቡ እስኪያነቡ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እጃቸው ውስጥ የነበረው ቦርሳ ግን ሐሙስ ያየሁት ያው ቀይ ቦርሳ ነበር፤ የሚጠርጉትም ያንኑ አንድ ቦታ ነበር። አንድ ቦታ ላይ አትቁሚ እያሉ ያስተማሩኝ ሴትዮ ቆዳውን ቀለሙ እስኪለቅ አሽተውት ነበር።

እሑድ ገና ሳይነጋ የመኪና ማቆሚያው በታክሲ ተሞላ። ወንዶቹ ኮት ለብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላ አጣፍተው ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ፤ እኔ የእማዬን ቀሚስ ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳይንኳኳ በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነቡ ለብሰዋል፣ ጠጉራቸውን ሸፍነዋል። ሳሎኑ ውስጥ አንድም ቦርሳ አይታይም፤ ወንበሮቹ ሁሉ ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል። ይህን ማንም ልብ አላለም። ሽማግሌው ተናግረው ሳይጨርሱ የእትዬ ዘነቡ ጩኸት ቤቱን ሞላው። ሴቶቹ ደግፈው ያዟቸው። ኋላ፣ የሟች ዕቃ ሲወጣ፣ እማዬ አረንጓዴውን ቦርሳ አምጥታ እቅፋቸው ውስጥ አኖረችው፤ እንደ አዲስ አዩት፣ እንደ አዲስ ጮኹ። እኔ ያኔ ነው የማን እንደሆነ የገባኝ። በሰው መሃል አንገታቸውን ቀና አድርገው ፈለጉኝና ዓይናችን ተገናኘ። ጭንቅላታቸውን በጣም በትንሹ ነቀነቁ፤ አትናገሪ።

አልተናገርኩም። እማዬ ያን መርዶ ዕድሜዋን ሙሉ ስትኮራበት ኖራለች። ሰው ሞቶ እንዴት እንንገር ሲባል፣ “ለእትዬ ዘነቡ እንዴት እንዳደረስን አታስታውሱም? ከማንም ሳይሰሙ!” ትላለች። ይህን ባለች ቁጥር እኔ ዕቃ ላጥብ ብዬ እነሳለሁ።

ዴንተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ የበዓል ሰሞን ለብቻዬ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ለምን አላለቀሱም፣ ለምንስ ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዎን ቻሉት?

“ብቻዬን ባለቅስ ማን ይበቃሻል ይለኝ ነበር?” አሉ፤ ዓይናቸውን ከመርፌው አላነሱም። “ለቅሶ እኮ ይበቃል ባይ ይፈልጋል፤ አለዚያ የት ይቆማል? አንቺ ደግሞ ልጅ ነበርሽ። ፊትሽ ብጮህ ዕድሜሽን ሙሉ መርዶ ነጋሪ ሆነሽ ትቀሪ ነበር።”

ሳይጮሁም ሆኜ ቀርቻለሁ አላልኳቸውም።

እትዬ ዘነቡ አምና ሲሞቱ ለእኔ በር ያንኳኳ የለም። ዘመድ አይደለሁማ። እኔም በምሠራበት ኤርፖርት የሠራተኞች መኪና ማቆሚያ ፓርክ አድርጌ ሳለ ስልኬ ላይ ቴክስት ገባ፤ እትዬ ዘነቡ አረፉ፣ ነፍስ ይማር፣ ከዚያም ሁለት የተጋጠሙ እጆች ሥዕል። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሺፍቴን ገባሁ። ቀብር ላይ ወንበር ሳቀብል፣ ውሃ ሳድል ዋልኩ። ዓመት ሙሉ አንዲት እንባ አልወጣኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ቡናማውን ቦርሳ ገዝቼ መኪና ውስጥ ስገባ ወደ ቤቴ መዞር አቃተኝ። እማዬ ጋ ሄድኩ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁምሳጥኑን፣ ጌስ ያድርጉ ማለቴን፣ ማጨብጨቤን።

“ሐሙስ?” አለችኝ።

“ሐሙስ።”

“አርብ ምስር ይዤላቸው ሄጄ አልነበር?”

“ሄደሻል። እኔም አብሬሽ ነበርኩ።”

ቢላዋውን አስቀመጠች። “ያን የጥርሱን ወሬ አወራኋቸው እኮ” አለች። “እኔ እንዳያውቁ ብዬ… እሳቸው ለካ እኔ እንዳላፍር ብለው ነው የሳቁት።” እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሷን ሳይ ዓመት ሙሉ እንቢ ያለኝ እንባ መጣ። እናቴና እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቃቅፈን አለቀስን፤ ሁለታችንም የምናለቅስ ስለሆነ ይበቃል የሚለን ሰው አልነበረም።