ጀልባው ይታይ፣ ቤተሰቡ አይታይ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የጀልባውን ፍሬቻ ፈልጌ አጣሁት። አዲስ አበባ ሳለሁ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ፤ ሪያድም የመጣሁት በዚያው ሙያ ነው። አሠሪዬና ካፊሌ፣ በሕግ ዋሴ የሆነው አቡ ነዋፍ ግን ጀልባ ያሰናዳል። ባሕር በሌለበት ከተማ ጀልባ። ደንበኞቹ በተሳቢ ጎትተው፣ አራት ሰዓት ነድተው ነው ውኃ የሚያገኙት። ፍሬቻው የት እንዳለ ስጠይቀው ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

ከዚያ አስተማረኝ። ቀይ መብራት በግራ፣ አረንጓዴ በቀኝ፣ ነጩ ከኋላ ዘንግ ላይ። በጨለማ የሚመጣ ሌላ ጀልባ በቀለሞቹ አቅጣጫችንን ይለያል። ጎንና ጎኑ ላይ የሚያንጸባርቅ ቴፕ እንለጥፋለን። ፍተሻው በቀትር ነው፤ የጋራዡን መዝጊያ አውርደን፣ አምፖሉን አጥፍተን፣ ጥግ ድረስ ሄደን እናያለን።

ዋና ቴክኒሻን ከሆንኩ በኋላ አንድ የዑለያ ሰፈር ነጋዴ ጀልባውን ሊረከብ ከነቤተሰቡ መጣ። ፈትሼ ፈርሜለታለሁ። ሚስቱ ግን ሴቶቹ የሚቀመጡበትን የኋላውን ክፍል የሚከልል መጋረጃ አሰፍታ አምጥታ ኖሯል። የቤት ሠራተኛቸው ሰዓዳ፣ የወሎ ልጅ፣ የነጋዴውን ትንሽ ሴት ልጅ ይዛ ጀልባው ውስጥ ገባችና መጋረጃውን ዙሪያውን ሰቀለችው። ከውስጥ ጠራችኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነጩ መብራት ለኛ ነው እንዴ? እዚህ ከኛ ጋር ነው ያለው።»

ክው አልኩ። ዘንጉ ከመጋረጃው ያጥራል። ከኋላ ለሚመጣ ጀልባ ብዬ የሰቀልኩት መብራት የሴቶቹን ትከሻ ያበራል።

አቡ ነዋፍን ወደ ጎን ጠርቼ ነገርኩት። ሰውየው ቸኩሏል፣ ማታ ማታ መጋረጃውን ያወርዱታል ኢንሻአላህ፣ ኸላስ፣ በቃ አለኝ። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቴ ነው፣ በዚያው ወር የሚያሳድሰው እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር መፍቻዬን ወደ ሳጥኑ መልሼ ነበር። ትንሿ ልጅ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ምላሷን ባታወጣብኝ ኖሮ ዝም ብዬ እቀር ይሆናል።

ወደ ነጋዴው ሄጄ ሴቶቹ ማታ የት እንደሚቀመጡ ጠየቅኩት። እዚያው መጋረጃው ውስጥ ነዋ፣ አለኝ።

«እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «ከኋላ የሚመጣ አያያችሁም።»

አቡ ነዋፍ አፈጠጠብኝ። ነጋዴውም አላመነኝም። መዝጊያውን አወረድኩ፣ አምፖሉን አጠፋሁ፣ የጀልባውን መብራቶች አበራሁ፣ ነጋዴውን ከጀልባው ኋላ ወስጄ አቆምኩት። ጨርቁ ወፍራም ነው፤ ጭል ጭል ከሚል ነገር በቀር ምንም የለም። ልጅቷ ከውስጥ «ባባ፣ ባባ» ትለዋለች፤ እሱ ግን የት እንዳለች አያያትም። ሥሩት፣ እጠብቃለሁ አለ።

ረዘም ያለ ዘንግ ቆርጬ፣ ሽቦ ቀጥዬ፣ መብራቱን ከመጋረጃው በላይ አወጣሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አቡ ነዋፍ ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ ኢቃማዬን ግን አሳደሰልኝ።

ሰዓዳ ወደ መኪናው ልትገባ ስትል ዞር አለች።

«እኔ'ኮ ዋና አልችልም፣ ወንድሜ።»

ፈገግ ብላ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሳላስቀምጥበት፣ የሚጋርዱትን ሁሉ ሳላስጋርድ አልፈርምም። ባዶ ጀልባ ላይ የተፈተሸ መብራት አልተፈተሸም።