ለባላጋራ የሚቆም ጠበቃ

«ይህን ጉዳይ እንረታለን» ካለ ደንበኞቹ እፎይ ብለው ይተኙ ነበር። «ታረቁ» ካለም እያጉረመረሙ ይታረቃሉ። ግምቱ መሬት ጠብ ስለማይል የሙያ ጓደኞቹ «ጠንቋዩ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጠበቃው ይስቃል እንጂ ምስጢሩን አይነግራቸውም።

ምስጢሩ ሚስቱ ነበረች። እሁድ ከሰዓት ልብስ ስትተኩስ ፊት ለፊቷ ቆሞ ይከራከራል፤ ለደንበኛው ግን አይደለም፣ ለባላጋራው ነው። የቤታቸው ደንብ ይህ ነበር፦ የሌላውን ወገን ነገር ምንም ሳያስቀር፣ ለዚያ ሰው እንደቆመ ሆኖ ከልቡ ያቀርባል። እሷ አስተማሪ ነበረችና ጆሮዋ የተማሪ ሰበብ ሲሰማ የኖረ ነው። «ክቡር ጠበቃ፣ እዚህ ጋ አለሳለስከው፤ እንደገና» ትለዋለች። ሲጨርስ ካውያውን አቁማ ትፈርዳለች። ለባላጋራው ከፈረደች ሰኞ ጠዋት ደንበኛውን ጠርቶ ስለ እርቅ ያማክረዋል።

እሷ ካረፈች ወዲህ ሸሚዞቹን ላውንደሪ ይሰጣል። ክርክሩንም ለብቻው ይሞክረዋል፤ ግን ጥቂት እንደሄደ ሳያውቀው ወደ ደንበኛው ያደላል። ደጋግሞ የተናገረውን ደግሞ ያምነዋል። እንረታለን ብሎ የተረታባቸው ሰዎች በዙ። ጓደኞቹም «ጠንቋዩ» ማለቱን ተዉት፤ ከቀልዱ ይልቅ መተዋቸው ከበደው።

አናጢው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የሟች አባቱን ወርክሾፕ ታላቅ ወንድሙ ይገባኛል ብሎ ከሶታል። አባትየው በቃል «ለታናሹ ነው» ማለቱን የሰማ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ አለ፤ ሌላ ማስረጃ የለም። ችሎቱ ሊቀርብ ሲል ወንድምየው ለሁለት እንካፈል ብሎ ላከ። እንቢ ብሎ ቢሸነፍ አናጢው ሌላ የሚሠራበት ቦታ የለውም። ቢስማማ ግማሹን ያጣል።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አለው አናጢው።

ጠበቃው እንረታለን ሊል አፉን ከፈተና ተወው። እሷ ብትኖር አሁን ካውያውን ታቆም ነበር ብሎ አሰበ። ከዚያ አናጢውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ተነሣ፤ «አሁን የወንድምህ ጠበቃ ነኝ፤ ሳታቋርጠኝ ስማ» አለው።

አላለሳለሰም። የመጋዝ ማሽኑን ገዝቶ የላከው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አባታቸው አልጋ ላይ በዋለበት ዘመን ሥራውን ጥሎ ያስታመመው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ቀለም ቀቢው የአናጢው ሚስት አጎት መሆኑን፣ ጆሮውም መድከሙን ሳይደብቅ ተናገረ። ሲጨርስ ላብ አጥምቆት ነበር፤ ለወራት እንዲህ ከልቡ አልተከራከረም።

አናጢው ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ግማሹን የሚሰጠኝ?»

«ያውቃል።»

«እንግዲያ እኔም ዳኛ ብሆን ለሱ ነበር የምፈርደው» አለና ተነሣ።

ስምምነቱ በዚያው ሳምንት ተፈረመ። ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት ቆመው ሲያፍሩ፣ ታላቅየው ማሽኑ ከየትኛው ወገን ይሁን ብሎ ጠየቀ፤ ታናሽየው ማሽኑ ካለበት አይነቃነቅም፣ አንተ ወደሱ ትመጣለህ አለው። ሲወጡ አናጢው ወደኋላ ቀረት ብሎ «ብንቀጥል ኖሮ እንረታ ነበር?» አለው። ጠበቃው እንጃ አለ። ከተስማሙበት ጉዳይ ማን ይረታ እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም። እሷ ግን ቁርጡን ትነግረው ነበር፤ ተሳስታም ቢሆን።

ቤቱ ሲደርስ በሩን ከፍቶ፣ መብራቱን ሳያበራ፣ «ዛሬ እኮ አናጢው . . .» ብሎ ጀመረ። የራሱን ድምፅ ሲሰማ ቆመ። ከዚያ ጫማውን ቀስ ብሎ አወለቀ፤ የሚነግራት ብዙ ነበረው።