ከሰልባትዮው ያልወጣው ውሃ

ጋሽ ሰይፈሚካኤል አዳማ ውስጥ የአንድ ሆቴል ጥበቃ ናቸው። ግቢው መሀል፣ ሣሩ ላይ፣ አሮጌ የማሰልጠኛ አውሮፕላን ቆሟል። ሙሽሮች ክንፉ ሥር ፎቶ ይነሳሉ። ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ እሳቸውም የለመዷትን ይመልሳሉ፦ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ጠሃ የሚባል ተማሪ አብራሪ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋና ሞጆ አጠገብ ጤፍ ማሳ ላይ ጣለው። ሰው ይስቃል። ጉርሻ ሰጥቷቸው የሚሄድም አለ።

እውነቱን ግን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው ሆዳቸው ውስጥ ከቀበሩት።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት የአየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት፣ ሌሊት ሰልባትዮው፣ ማለት የነዳጁ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ከሥሩ ከፍቶ ማውጣት የሳቸው ሥራ ነው፤ ውሃው ሞተር ከገባ ያጠፋዋል። የዚያን ቀን የውይይት ክበብ ነበረ። ከውይይት የቀረ ፀረ አብዮት ነው ይባላል፤ አንድ ጓደኛቸው በዚሁ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። ረፈደባቸው። ውሃውን ሳያወጡ፣ አይቻለሁ ብለው ፈረሙና ሮጡ።

አውሮፕላኑ ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ ተንገራገጨና ቀጥ አለ። ጠሃ እንደምንም ማሳው ላይ አሳረፈው። አውሮፕላኑ ተረፈ፣ የጠሃ እግር ተሰበረ። ምርመራ ሲመጣ ሰይፈሚካኤል አሁንም አይቻለሁ አሉ። ጥፋቱ የጠሃ ነው ተባለና ተባረረ፤ ሞጆ ላይ የጭነት መኪና እየነዳ እንደኖረ ይሰማሉ፣ አንድም ቀን ግን ሄደው አልጠየቁትም። አውሮፕላኑም መጋዘን ጓሮ ሲዝግ ኖሮ የሆቴሉ ባለቤት በጨረታ ገዝቶ ቀባው። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ጥበቃ ተቀጥረው ግቢው ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ እያነከሱ ገቡ። ክንዳቸውን የያዘችው የልጅ ልጃቸው ዳሊያ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር። ጓደኞቿ እዚህ መጥተው ታሪኩን ሰምተው፣ ያንቺ አያት አይደለም ወይ እያሉ ሲያሾፉባት ከርመዋል።

"እኔ የወደቅኩት አንዴ ነው" አሉ ጋሽ ጠሃ ክንፉ ሥር ቆመው። "አንተ በቀን ሦስቴ ትጥለኛለህ አሉ።"

ጋሽ ሰይፈሚካኤል አወቋቸው፤ እሳቸውም አውቀዋቸዋል።

"ውሃውን አውጥተህ ነበር?"

"አላወጣሁም።"

"አውቃለሁ። ያኔም ለመርማሪዎቹ ነግሬያቸዋለሁ። እነሱ ግን አንተ የፈረምክበትን ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ።"

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ይቅርታ ለማለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ጋሽ ጠሃ ግን እጃቸውን ከከዘራቸው ላይ አላነሱም። ዞረው ወደ በሩ ማነከስ ጀመሩ።

በዚህ መሀል የሙሽራ መኪኖች ክላክስ እያደረጉ ገቡ። ካሜራ ያንጠለጠለው ልጅ ወደ አውሮፕላኑ እያየ፣ "ፋዘር፣ ይሄን ማነው የጣለው?" አለ።

ያቺ የለመዷት መልስ ምላሳቸው ላይ መጣች። በሩ ጋ ዳሊያ ዞር ብላ ቆማለች።

"መካኒኩ ነው" አሉ፣ በሩ ድረስ እንዲሰማ። "ሳያይ ፈርሞ። ተማሪውማ አሳርፎታል።"

"መካኒኩስ?"

ኮፍያቸውን አወለቁ። "እኔ ነኝ።"

የሳቀ የለም። ልጁ ካሜራውን እንደያዘ ቀረ፣ ሙሽሮቹም ክንፉ ሥር ሳይገቡ ቆሙ።