ያላየሁት ክንድ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ እናቴም ሳትሰማው ሞተች። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፊት ለፊቴ ብትቀመጡ ኖሮ ዛሬም ወሬ እቀይር ነበር።

ከከሚሴ ብዙ በማትርቅ አንዲት ጤና ጣቢያ የነርሶች ኃላፊ ነበርኩ። ቀድሞ ኃላፊ ማለት ከሁሉ በፊት የሕሙማን ክፍል የሚገባ፣ ከሁሉ በኋላ የሚወጣ፣ የተማሪን እጅ ይዞ መርፌ የሚያለማምድ ሰው ነበር። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። በኋላ ግን የኃላፊ ሥራ ወረቀት ሆነ፤ ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ ስብሰባ። የሚላኩልን ተማሪዎች ደግሞ በዙ። እውነቱን ልናገር? ወረቀቱን ወደድኩት። ጠረጴዛ ነበረኝ፣ ማኅተም ነበረኝ፣ ስገባ የሚነሱልኝ ሰዎች ነበሩኝ።

እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን የሚመዘግብበት ደብተር ነበረው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ካየሁ በኋላ ነበር መፈረም የነበረብኝ። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ደብተሮቹን ሰብስቤ የሳምንቱን ፊርማ ባዶው ገጽ ላይ እጨርሰው ነበር። ሌሎቹም እንዲሁ ያደርጉ ነበር ብዬ ልሽሽ? የፈረመችው እጅ የእኔ ናት።

ሐዋ የጨፋ ሮቢት ገበሬ ልጅ ነበረች፤ ልትመረቅ ሁለት ወር ቀርቷታል። አንድ ቀን ጠዋት አባ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ የሳንባ ምች ይዟቸው ተኙና ፔኒሲሊን ታዘዘላቸው። መድኃኒቱ የማይስማማው ሰው ስላለ፣ አስቀድሞ ክንድ ላይ ጥቂት ይወጋና ቆዳው ማበጥ አለማበጡ ይታያል፤ ካበጠ አይሰጥም። ሐዋ ወግታ፣ ደቂቃውን ጠብቃ፣ ቢሮዬ መጣች።

«ሲስተር፣ ትንሽ ያበጠ መሰለኝ። መለየት አቃተኝ። አንዴ መጥተው ይዩልኝ።»

የተኙበት ክፍል ከቢሮዬ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። እኔ ለዞን የሚላክ ሪፖርት ላይ አቀርቅሬ ነበር፤ ቀናም አላልኩም።

«ሁሉን ነገር እኔ ልይልሽ? ስጪው። ፈርሜልሽ የለም እንዴ?»

ሄዳ ሰጠች። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ የአባ ሰይድ ፊት አብጦ ዓይናቸው ተደፍኗል፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል። ሐዋ ባዶውን መርፌ እንደያዘች በሌላ እጇ ትደግፋቸዋለች። ጤና መኮንኑ ሮጦ መጥቶ አድሬናሊን ወጋቸውና፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ። እኔ ግን ያኔ ክንዳቸውን አየሁት፤ የተወጋው ቦታ በግልጽ አብጧል። አንዴ ቀድሜ ባየው ይበቃኝ ነበር።

በማግስቱ ተጠራን። የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ የሐዋ መምህርና የአባ ሰይድ ታላቅ ልጅ ተቀምጠዋል። ሐዋ «ጠይቄያቸው ነበር፤ ስጪው አሉኝ» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የአባ ሰይድ ልጅ ቀስ ብሎ፣ «እኛ ጠብ አንሻም። ሲስተር ወላሂ ይበሉን፣ ይበቃናል» አለ።

እኛ ዘንድ አንድ ትልቅ ሰው ወላሂ ካለ በኋላ ክርክር የለም። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ሐዋም ታውቅ ነበር።

«ወላሂ፣ አልጠየቀችኝም» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ሰይጣን አላለልኝም። ሐዋ ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። በእናቷ ዕድሜ ያለች ሴት በአላህ ስም ከማለች ወዲያ ምን ትበል? ከትምህርቷ ተሰናበተች። የአባ ሰይድ ልጅ እኔን አመስግኖ ወጣ። ምን ነበር የፈራሁት? እስር? ረሃብ? ወንበሬን ነው። ለአንዲት ወንበር ብዬ የሰው ልጅ ዕድሜ አበላሸሁ።

ከዓመታት በኋላ ባቲ ገበያ ውስጥ ሽርጥ የምትሸጥ ሴት ጠራችኝ። ሐዋ ናት። ተነስታ እጄን ሳመችና በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀችኝ።

«አካም ጅርቱ፣ ሲስተር? አሁንም ያስተምራሉ?»

«አዎ» አልኩ።

«እንግዲያውስ» አለች ሽርጡን እያጣጠፈች፣ «ሲጠሩዎት ይሂዱላቸው።»

ዛሬ ተማሪ ሲጠራኝ ብድግ እላለሁ። ይህ ለሐዋ ምን ያደርግላታል? ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የይቅርታው ባለቤት ሐዋ በየሰኞው ባቲ ገበያ ትቀመጣለች። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ መኪናውም በደጄ ያልፋል። እስከ ዛሬ ተመልሼ አልሄድኩም።