ምች ነው ያሉኝ ጎረቤቴ

እኔ የማውቀው ቢምቢ ሲመሽ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ሳትገባ አጎበሩን ዘርግቼ፣ ጫፉን ከፍራሹ ስር ወትፌ ልጄን አስተኛታለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ትኩሳት ሲጥላት ግራ ገባኝ።

ዲላ ውሃ በፈረቃ ነው። በመጣ ጊዜ የግቢው ሰው በየበርሜሉ ይሞላል፤ ሲጠፋ ከአሸንዳ የሚወርደውን ዝናብ እናጠራቅማለን። እኔ በርሜሌን እከድን ነበር። "አታፍኚው፣ የታፈነ ውሃ ይሸታል" ያሉኝ ጎረቤቴ ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ገበያ ስሄድም ልጄን የሚያዩልኝ እሳቸው ነበሩ። ሰማኋቸው። ክዳኑን የበቆሎ ማስጫ አደረግኩት።

ልጄ "እማ፣ ዓይኔን ከውስጥ የሚገፋኝ አለ" ትላለች። ስነካት አጥንቴን ብላ ትጮሃለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደሟ ታየ፤ ወባ የለባትም ተባለ። እፎይ ልል ስል ሐኪሟ፣ "እናቴ፣ ውሃ የምታስቀምጪው በምንድን ነው?" አለችኝ።

"በበርሜል።"

"ይከደናል?"

"ውሃዬ ንጹህ ነው! እኔ ቆሻሻ አላጠራቅምም።"

"ይቺኛዋ ቢምቢ ንጹሁን ነው የምትወደው። እዚያው ትፈለፈላለች፣ በቀን ትነክሳለች። የልጅሽ በሽታ ደንጊ ይመስላል።" ድድዋ ከደማ ወይ ደጋግሞ ካስመለሳት ሮጬ እንዳመጣት፣ አስፕሪንም እንዳልሰጣት ነገረችኝ።

ግቢ ገብቼ ለጎረቤቴ እያለቀስኩ አወራኋቸው። እሳቸው ምንም ሳይደነግጡ፣ "አዎ፣ ለእኛም ልጅ እንዲሁ ነበር ያሉት" አሉ።

የልጅ ልጃቸው በክረምቱ ታሞ ነበር። ያኔ "ምች ነው" አሉኝ። ዳማከሴውን ጨምቄ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።

"እትዬ፣ ምነው ታዲያ አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ? ከጤና ጣቢያ መጥተው የሁላችንንም በርሜል ቢደፉትስ? ምን ልንጠጣ ነው?"

"ልጄ እኮ ናት!"

"አይዞሽ፣ የእኛም ድኗል።"

ሄጄ በርሜሌን እያዩኝ ገለበጥኩት። ውሃው ደጃፋቸው ድረስ ወረደ።

ትኩሳቱ ለቋታል። ግን ዳግመኛ ከያዛት ሊከፋ ይችላል ብላኛለች ሐኪሟ። ጎረቤቴ አሁን በርሜላቸውን ይከድናሉ፣ ሰላምታም አላቋረጥንም። የልጅ ልጃቸው ተኝቶ የዋለ ዕለት ግን ምን ሆኖ ነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ የሚመልሱልኝን አላምንም። ገብቼ ግንባሩን በእጄ እነካለሁ።