ባለብርጭቆው ግድብ ጠባቂ

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አንድ የአፈር ግድብ መጠበቅ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ግድቡ በዕድሜ ሁለታችንንም ይበልጣል። አባቶቻችን አፈሩን በቅርጫት ተሸክመው፣ በእግራቸው ረግጠው የሠሩት ነው፤ ከውሃ መልቀቂያው በር በቀር ብረትም ሲሚንቶም የለበትም። አናቱ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን ያሳልፋል። ከኋላው ውሃው ተኝቷል። ከፊቱ ዝቅ ብሎ የሁላችንም የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ አለ፤ ከማሳው ቀጥሎ ቤቶቻችን።

ጠባቂ ሲባል ጠመንጃ ያነገተ ሰው ይታሰባል። የዋርሳዬ መሣሪያ ግን ማጭድ፣ አካፋና ብርጭቆ ነው። በማጭዱ በግድቡ ጀርባ ላይ የሚበቅለውን ቁጥቋጦ ሥር ሳይሰድ ያነሣዋል። በአካፋው ፍልፈል የቆፈረችውን ይደፍናል። ሰውን የሚያስቀው ብርጭቆው ነው። ከግድቡ ግርጌ፣ ድሮ በተቀበረ ቱቦ በኩል፣ የጣት ውፍረት ያላት ውሃ ሁልጊዜ ትወርዳለች። እሱ በየማለዳው ከዚያች ውሃ አንድ ብርጭቆ ይቀዳና ቤቱ መስኮት ላይ ያስቀምጣል። በማግስቱ የብርጭቆውን ታች ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፣ ይደፋል፣ አዲስ ሊቀዳ ይሄዳል።

«ዛሬስ ስንት ጠጣህ?» ይሉታል መንገድ ላይ።

«ያንተንም ድርሻ ጨምሬ ሁለት።»

በዚህ ምክንያት ባለብርጭቆው ተባለ። ባለቤቴ ብቻ ሃምሳ ዓመት አልፎትም «ማሙሽ» ነው የምትለው። እሱም አጎንብሶ «አቤት እትዬ» ይላል።

እኔ ቁጥር የለየሁት በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ውሃው ውስጥ ከቆመው መለኪያ ሰሌዳ ላይ ነው። ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ ፊደሉንም ቀጥሎ አስያዘኝ። ስሳሳት አንድ ቀን እንኳ «ተሳሳቱ» ብሎኝ አያውቅም። «እስቲ ጋሼ፣ እንደገና እንየው» ይላል እንጂ። ስለ ብርጭቆውም የጠየቅሁት በዚያው ሰሞን ነበር።

«የአፈር ግድብ ያልበዋል፣ ጋሼ» አለኝ። «ማላቡ ጤናው ነው። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። ከደፈረሰ ግን እየወጣ ያለው ግድቡ ራሱ ነው።»

ይህን ሰምቼ፣ ገብቶኝ፣ ራሴን ነቅንቄ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ሲያበቃ ግድቡ ግጥም ብሎ ሞላ። ከቱቦዋ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ግርጌው ላይ ሳሩ ረጠበ፤ ውሃ ማዠት ጀመረ። በዚያው ሳምንት ባለብርጭቆው ሳንባው ታሞ ሐኪም ቤት ተኛ። ከመስኖ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች እንደሚመጡም ተነገረን። እኔ ደግሞ አባቴ የረገጠው ግድብ አፍንጫውን እንዳልተጠረገ ልጅ ተዝረክርኮ እንግዳ ፊት እንዲቆም አልፈለግሁም። የውሃ ጉድጓዴ ሲቆፈር የወጣ ነጭ ሸክላ ጓሮዬ ተከምሮ ነበር። ሁለት ማለዳ በአህያዬ አመላልሼ፣ ማንንም ሳላማክር፣ ያን ርጥብ ቦታ ደፈንኩት፤ ረገጥኩት፤ ላዩን ሣር አለበስኩት። ደረቀ። ጎብኚዎቹ አመሰገኑን። እኔም ምራቁን እንደዋጠ ሰው ዝም አልኩ እንጂ ደረቴ አብጦ ነበር።

ባለብርጭቆው ድኖ እንደተመለሰ ግድቡን አይቶ ቤታችን መጣ። ጓሮ ወጥቶ ያን የሸክላ ክምር አየና አህያዬን ጀርባዋን ዳበሳት።

«ተልጣለች። ከብዷት ነበር መሰለኝ።»

«ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩ።

በማግስቱ ብቻውን ቆፍሮ ሸክላውን አወጣው። ቦታው ግን እንደገና አላዠም፤ ውሃው ሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር። እሱ ይሉኝታ ይዞት ዝም፣ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም።

በአራተኛው ወር፣ ችግኝ ተክለን ሳንጨርስ፣ ብርጭቆው ታች ላይ ስስ ጭቃ ተኝቶ ተገኘ። እሱ መጀመሪያ የተቆጣው ሚስቱን ነው።

«ብርጭቆውን አጥርተሽ እጠቢልኝ እንጂ!»

«የቆሸሸው የኔ ብርጭቆ ነው ወይስ ያንተ ግድብ?» አለችው።

በሁለተኛው ቀን ራሱ በአመድ ፈትጎ አጠበው። ጭቃው መጣ። በሦስተኛው ቀን ጣት የሚሞላ ሆነ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ውሃው እንዳይነቃነቅ እንደ ሙሽራ እየተራመደ ወደ መስኖ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰብን።

«የግድቡ በር ተከፍቶ ውሃው እስከ ግማሽ ይውረድ» አለ ባለብርጭቆው። «ካልወረደ ቀዳዳው የት እንዳለ ማየት አልችልም። ከቆየን ግድቡ ይሄዳል፤ ቤቶቹም ከታች ናቸው።»

«ለአንዲት ጣት ጭቃ የዓመት ሽንኩርታችንን እንድፋ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ብርጭቆ ግዙለትና ይገላግለን!» አለች አንዲት ቲማቲም ነጋዴ። መጋዘኑ በሳቅ ሞላ።

ሊቀመንበሩ ግን ቂል አልነበረም። «ቆይ፣ ሃያ ዓመት ሲጠራ የኖረ ውሃ ዘንድሮ ምን አገኘው?»

«ግርጌው ላይ የሚያዣ ቦታ ነበር። በሸክላ ተደፈነ። ውሃው መውጫ ሲያጣ በሌላ በኩል አፈሩን እየበላ ወጣ።»

«ማን ደፈነው?»

ባለብርጭቆው ወደ እኔ አላየም። ብርጭቆውን አየ።

«እኔ» አለ።

ቤቱ ተደበላለቀ። «ራሱ አበላሽቶ ራሱ ሊያስጠነቅቀን!» ሲሉ ሰማሁ። ሊቀመንበሩም እጁን አነሣ፤ «እንግዲህ ሥራውን በማያውቅ ጠባቂ ቃል ውሃ አንደፋም። በሩ ይቆይ፤ ሌላ ጠባቂ እንፈልጋለን።»

እሱ ሥራውን ቢያጣ እንኳ ጎበዝ ነው፣ ይኖራል። ያ በር ሳይከፈት ቢቀር ግን ከታች የተኙት ልጆች ናቸው። ተነሣሁ።

«ውሸቱን ነው። የደፈንኩት እኔ ነኝ። እሱ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ቆፍሮ የጣለው ነጭ ሸክላ አሁንም ግድቡ ሥር አለ፤ ከጓሮዬ ክምር ጋር አስተያዩት።»

«አንተ? ምን ቆርጦህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እንግዳ ፊት አፍሬ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚደርቀው የኔ ማሳ ነው፤ ከሁላችሁም ከፍ ይላል። ይከፈት።»

ከኋላ ባለቤቴ ብድግ አለች። «ማሙሽ! ለዚህ ሽማግሌ ክብር ብለህ ልታሰምጠን ነበር?»

ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ሊቀመንበሩ «በሩ ይከፈት የምትሉ» ሲል እጅ ወጣ፤ የቲማቲም ነጋዴዋም አወጣች።

አንዴ ከተወሰነ በኋላ ደግሞ ሰው ቸኮለ። «ወለል አድርገህ ክፈተውና ይለይልን!» አሉት። እሱ እምቢ አለ። የራሰ ግድብ ውሃው ድንገት ሲሸሸው ተንዶ ይከተለዋል አለ። በቀን ሁለት ስንዝር ብቻ አወረደ። ማንም እንዳይነካበት የመዝጊያውን መዘውር ፈትቶ ብብቱ ሥር ይዞት ይገባ ነበር። ሚስቱ «ከኔ ጎን ልታስተኛው ነው?» ብላ ስትስቅበት ሰነበተች።

በዘጠነኛው ቀን በውሃው በኩል ባለው የግድቡ ፊት ላይ ቀዳዳው ታየ። ሊቀመንበሩ ተንበርክኮ እጁን ሰደደ። እስከ ትከሻው ገባ። ሲያወጣው ክንዱን በኮቱ እየጠረገ ብዙ ቆየ።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ባለብርጭቆው ግድቡ አናት ላይ ቆሞ ያዛል። ከላይ ቀዳዳው ተቆፍሮ በሸክላ ተጠቀጠቀ። ከታች ውሃው የሚወጣበትን ደግሞ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ አለበስነው፤ ውሃው እንዲያልፍ፣ አፈሩ እንዲቀር። እኔና አህያዬ አሥራ አንድ ቀን አመላለስን። በአምስተኛው ቀን ጠጠሩን ከአሸዋው በፊት አራገፍኩ።

«ጋሼ፣ ተሳሳቱ!» ብሎ ጮኸ ከላይ። «ያንሡት!»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። እሱም ራሱ ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። እኔ ጠጠሩን መልሼ በአካፋ አነሣሁት።

የዚያን ዓመት ከማሳዬ ግማሹ ደረቀ። ግድቡ ግን ቆሟል፤ ውሃውም ጠርቷል። ባለብርጭቆው ከዚያ ወዲህ ስሳሳት በግልጽ ይነግረኛል። አሁንማ አብዝቶታል። ባለፈው እሑድ የተከልኩትን አጥር ሲያይ ጠማማ ነው አለኝ፤ ገመድ ወጥረን ስናየው እውነትም ጠማማ ነበር።